ልጄ 18 ኮሌጅ ልታመለክት ነው፤ እባካችሁ ዝርዝሯን እዩልኝ (ሜሪላንድ)

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። አንዌይትድ ጂፒኤዋ (ጭማሪ የሌለበት አማካይ ውጤቷ) 3.9 ነው። ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) 1450 አምጥታለች። ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ) ክላስም እስኪበቃት ወስዳለች። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምትፈልገው። አባቷ ሐኪም ካልሆነች ይላል፤ የእነሱን ክርክር ለጊዜው ተዉት።

የጨነቀኝ ዝርዝሯ ነው። 18 ኮሌጅ ጽፋለች። ስምንቱም አይቪ ሊጎች (እነ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን) አሉበት። ስታንፎርድ፣ ኤምአይቲ፣ ዱክ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ እያለ ይቀጥላል። ከስቴታችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ኮሌጅ ፓርክ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ብቻ ነው። እሱንም ለመጠባበቂያ ብላ ነው ያስገባችው። "እዚያማ መቼም አላጣም" ትለኛለች።

ዓምና የጓደኛዬ ልጅ ከእሷ የተሻለ ውጤት ይዞ አብዛኞቹ ከለከሉት። መጋቢት መጨረሻ ላይ ያ ቤት ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። በልጄ ላይ እንዳላየው እፈራለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ አማካሪ ነኝ የሚል ሰው 4 ሺህ ዶላር ክፈሉኝና ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ ብሎናል። እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ ባለቤቴ ፓርኪንግ ላይ ነው። የሁለታችን ተደምሮ በዓመት 95 ሺህ ገደማ ነው። ከእሷ በታች ሁለት ልጆች አሉን። እንክፈል ወይስ ይቅር?

ባለ_ሦስት

እህቴ፣ እንዳትከፍዪ። "ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ" ካለ በተለይ እንዳትከፍዪ። ድርሰቱን እኔ እጽፍላታለሁ ማለቱ ነው።

እኔ ሁለት ልጆች አስገብቻለሁ። ሦስተኛው 10ኛ ክፍል ነው። ዝርዝሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ2000 ሃርቫርድ ያመለከቱት ከ18 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነሱ 2 ሺህ ያህሉን ተቀበለ። በ2024 ያመለከቱት 54,008 ናቸው። የተቀበለው 1,937። ወንበሩ ያው ነው። ሰልፉ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዩሲኤልኤ ደግሞ በዚያው ዓመት ከ146 ሺህ በላይ ማመልከቻ ነው የደረሰው።

ይህ ሁሉ ልጅ ከየት መጣ? ልጁ ያን ያህል አልበዛም። ማመልከቻው ነው የበዛው። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች የሚያገለግለው አንድ ፎርም) ላይ አንዴ ከሞላሽ በኋላ ሌላ ኮሌጅ መጨመር ቀላል ነው። በ2020 በኮቪድ ሰበብ ብዙዎቹ ኤስኤቲን በፈቃድ አደረጉት። ድሮ "በዚህ ውጤትማ አልሞክርም" ይል የነበረው ሁሉ ሞከረ። ልጆቹ ደግሞ የመግቢያው ፐርሰንት ሲያንስ ያያሉ፣ ይደነግጣሉ፣ አምስት ኮሌጅ ይጨምራሉ። ፐርሰንቱ ይብስ ያንሳል። ልጅሽም 18 ስትጽፍ ሰልፉን እያስረዘመች ነው።

አሁን ደግሞ ፈተናውን እየመለሱት ነው። ኤምአይቲ በ2022 መለሰ። ዳርትመዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ተከተሉ። 1450 ቆንጆ ውጤት ነው፤ እሰይ በያት። እነዚህ ቤት የሚገቡት ልጆች ግን አብዛኞቹ ከ1500 በላይ ነው የያዙት።

ወጪውንም አስቢው። አንዱን ማመልከቻ በ75 ዶላር እንኳ አስቢው። በ18 ስታባዢው 1,350 ይመጣል። ይህ እንግዲህ "አልተቀበልንሽም" ለመባል የሚከፈል ነው 😅

ቡና_ቁርስ

ችግሩ እኮ ልጅቷ አይደለችም። ቅዳሴ ወጥተን ገና ጫማ ሳናደርግ "የት ገባች?" ይጀመራል። ጆርጅ ሜሰን ካልክ "ይሁን፣ ዋናው ጤና ነው" ይሉሃል 😂

ቁጥር_ወዳድ

ባለ_ሦስት ስለ ሰልፉ ያልከው ልክ ነው። "አይቪን ሰርዙ" ወደሚል ከሄደ ግን አልስማማም። እናትየዋ የጻፉት ዋናው ቁጥር 1450 አይደለም፤ 95 ሺህ ነው። ማንም አላነሳውም።

ሃርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ ከ100 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ ትምህርቱን፣ ምግቡን፣ መኝታውን በነፃ አድርጓል። እስከ 200 ሺህ ለሚያገኝ ደግሞ የትምህርት ክፍያ የለም። ኤምአይቲም ከ200 ሺህ በታች የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ፕሪንስተን ከእነሱ ቀድሞ ነው በ100 ሺህ የጀመረው፤ ከ2025-26 ጀምሮ ወደ 150 ሺህ ከፍ አድርጎታል። (ባንክ ውስጥ የተለየ ሀብት የሌለው ቤተሰብ ማለታቸው ነው።) ኮሌጅ ፓርክ ለሜሪላንድ ነዋሪ ከነመኝታው በዓመት 30 ሺህ አካባቢ ነው፣ እርዳታ ሳይቀነስ። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ውድ የሚባለው ቤት ርካሹ፣ ርካሽ የሚባለው ውዱ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የሚበላሸው መሐል ላይ ነው። ስማቸው የሚጠራ፣ ዋጋቸው በዓመት ከ90 ሺህ ያለፈ፣ ነገር ግን የሃርቫርድን ያህል ገንዘብ የሌላቸው የግል ኮሌጆች አሉ። ልጅቷን ይቀበሏትና 40 ሺህ ክፈሉ ይላሉ። በእኔ እምነት ከአለመግባት የባሰው ይሄ ነው። ልጅቷ ደስ ብሏት ታለቅሳለች፣ አባት ደብዳቤውን አንብቦ ዝም ይላል።

ስለዚህ 18ቱንም አንድ በአንድ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (እርዳታው ተቀንሶ የምትከፍሉትን የሚገምተው) ላይ አስገቧቸው። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ እንዲያኖረው ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ለአንዱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ጋሽ_አየለ_ነኝ

አይ እናንተ ልጆች! ቁጥር ታበዛላችሁ። ሃርቫርድ ሃርቫርድ ነው። ስሙ ብቻ በር ይከፍታል።

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ ይሄም ተጠንቷል። ቼቲ፣ ዴሚንግና ፍሪድማን የሚባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2023 አንድ ጥናት አወጡ። አይቪዎቹንና አራት መሰሎቻቸውን ከትልልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አነጻጸሩ። አንድ ዓይነት ብቃት ያላቸው ሁለት ልጆች አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ቢማሩ በአማካይ ገቢያቸው ብዙ አይለያይም። ልዩነቱ የሚታየው ከጫፍ ላይ ነው። ከ100 ሰው አንደኛው ሀብታም የመሆን፣ ትልልቅ ድርጅት የመቀጠር ዕድሉ ላይ።

ከእነሱ በፊት ደግሞ ዴልና ክሩገር ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር። እነሱ ግን ለየት ያለ ያሉት አለ። ለጥቁር፣ ለላቲኖና ወላጆቹ ብዙ ላልተማሩ ልጅ የኮሌጁ ስም ይጠቅማል። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም ጋሼ።

ያ የ2023ቱ ጥናት ያሳየው ሌላም አለ። ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከ100 ቤተሰብ አንደኛው ሀብታም ከሆነው ቤት የተወለደው እዚያ የመማር ዕድሉ ከመካከለኛው ልጅ ከእጥፍ በላይ ነው። ቅድሚያ የሚያገኘው የምሩቅ ልጅ፣ የጀልባ ቀዛፊ፣ የግል ትምህርት ቤት ደብዳቤ የያዘ ነው። እኛ "ልጄ ጎበዝ ናት" ብለን የምንገባበት ሜዳ ይሄ ነው።

ሰብለ_ዲሲ

ግን ጥቁር ስለሆነች አይቀላትም እንዴ? እኔ እንደዚያ ነበር የሰማሁት።

ካውንስለር_ፌርፋክስ

ሰብለ፣ ያ ቀርቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2023 ዘርን እንደ መመዘኛ መጠቀም ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ኤምአይቲ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 5 ከመቶ ሆኑ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአማካይ 13 ነበሩ። አምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 ወረደ። ተማሪዋ በድርሰቷ ስለ ሕይወቷ፣ ስለ ማንነቷ መጻፍ ትችላለች፤ ፍርዱ ያንን አልከለከለም። ሳጥን ላይ ምልክት በማድረግ ብቻ የሚገኝ ነገር ግን የለም።

አሁን ወደ እናት_ሲልቨርስፕሪንግ። እኔ ቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ውስጥ ካውንስለር ነኝ። የእኛን ልጆች በየዓመቱ አያለሁ። አስተያየቴ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ከሁሉ በፊት ኮሌጅ ፓርክ መጠባበቂያ አይደለም። ይህን ለልጅሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ከሚያመለክቱት ከግማሽ በታቹን ነው የሚቀበለው። እሱም ይቅር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ከ2024 መኸር ጀምሮ ቁጥሩ የተገደበ ዲፓርትመንት ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት ማለት ኮምፒውተር ሳይንስ ተቀበላት ማለት አይደለም። ሌላ ክፍል ሊመድቧት ይችላሉ፤ ከገባች በኋላ መቀየር ደግሞ እንደገና ውድድር ነው። ልጆቹ ይህን የሚያውቁት ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቢሮዬ ውስጥ ካየሁት ለቅሶ ብዙው የዚህ ነው። ከሃርቫርድ ሲቀሩ ያን ያህል አያለቅሱም፤ ድሮም ጠርጥረውት ነበርና።

የኮሌጅ ፓርክ የመጀመሪያ ዙር ኖቬምበር 1 ይዘጋል። አብዛኛውን ሰው የሚቀበሉት ከዚያ ዙር ነው። ባነከር/ኪ የሚባለው ትልቁ ስኮላርሺፕም በዚሁ ዙር ላመለከተ ነው። በጥር አስገባለሁ ካለች አለቀ።

ዩኤምቢሲ (ሌላው የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ) ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ገርሞኛል። እዚያ ከ1988 ጀምሮ ያለ የማየርሆፍ ፕሮግራም አለ። በሳይንስና በኢንጂነሪንግ እስከ ፒኤችዲ መሄድ ለሚፈልግ ተማሪ ነው። ብዙ ጥቁር ሳይንቲስቶችን በማፍራት በመላው አሜሪካ ስሙ የታወቀ ነው። እኛ ሰፈር ግን ዩኤምቢሲ ሲባል ፊቱን የማያጠቁር የለም። ኤምዲ/ፒኤችዲ የሚሉትም (ሕክምናና ምርምር አንድ ላይ) መንገድ አለና አባቷ እዚያ ጋ ሊታረቁ ይችላሉ 🙂

ሴፍቲ የሚባለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። መግባቷ የማያጠራጥር፣ ክፍያውም የምትችሉት። ከመቶ ሠላሳውን የሚቀበል ኮሌጅ ሴፍቲ አይሆንም። እንዲህ ያሉ ሁለት ይኑሯት። ደግሞ የምትጠላቸው መሆን የለባቸውም። "ከቀረብኝ እዚያ እሄዳለሁ" ስትል ፊቷን እዪው፤ ከጨፈገገ ሌላ ፈልጉ።

ስለ ድርሰቱና ስለ አክቲቪቲው ደግሞ ይህን ልጨምር። ኮመን አፕ ላይ 10 አክቲቪቲ ይሞላል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቀደው 150 ፊደል ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታው ጭምር ተቆጥሮ። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ ስድስቱን ሞልታ አራቱን ባዶ ትታ መጣች። "ሌላ ምንም አልሠራም" አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የት እንደምትሄድ ጠየቅኋት። ሁለት ታናናሾቿን ከአውቶቡስ ትቀበላለች። እራት ታሞቃለች። የቤት ሥራቸውን ታያለች። እናቷ የማታ ፈረቃ ናት። ቅዳሜ አያቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ታስተረጉማለች። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ታስቆጥራለች። ይሄ ሁሉ "ምንም" ነው ለእሷ! ኮመን አፕ ላይ "የቤተሰብ ኃላፊነት" የሚል ራሱን የቻለ ምድብ አለ። "ወንድሞቼን እረዳለሁ" የሚለውን ሰርዘን "2 ታናናሾቼን በየቀኑ ከአውቶቡስ እቀበላለሁ፤ እራት፣ የቤት ሥራ፣ መኝታ፤ በሳምንት 15 ሰዓት፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ" ብለን ጻፍነው። አንባቢው ከዚህ በላይ አይፈልግም። የ4 ሺህ ዶላሩ ሰውዬ ይህን አይጠይቃትም፤ ክለብ ክፈቺ ነው የሚላት።

18ቱን ወደ 9 ወይም 10 አውርዱት። የየኮሌጁ ተጨማሪ ድርሰት ሲደመር 18ቱ 30 እና 40 ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ልጅቷ ኤፒ ክላሶቿን ይዛ ያንን ሁሉ በደንብ ልትጽፍ አትችልም።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ኮምፒውተር ሳይንሱ ሰምታ አታውቅም ነበር። ደነገጠች።

ታናናሾቿን ከአውቶቡስ የምትቀበለው እሷም ናት። አልጻፈችውም።

3ኛ_ዓመት_ቴርፕ

ሰላም እትዬ። እኔ ኮሌጅ ፓርክ 3ኛ ዓመት ነኝ። የመጣሁት ግን ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ (የካውንቲው የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ነው፣ ከሮክቪል ካምፓስ። የተማሪውንም ወገን እንዲያውቁት ብዬ ነው የምጽፍልዎት።

12ኛ ክፍል ሳለሁ ከተማዋ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ኮሌጅ አላመለክትም አልኩ። ዱክ ላይ ኧርሊ ዲሲዥን ማሰሪያውን ፈረምኩ፤ ከተቀበሉህ መሄድ ግዴታ የሚሆንበት ማለት ነው። ቀረሁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። የተቀበለኝ አንዱ ኮሌጅ በዓመት 38 ሺህ ጠየቀ። አባቴ ቤቱን ላስይዝ አለ። እምቢ አልኩ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባሁ።

እናቴ ያን ዓመት ሰው ሲጠይቃት "ሜሪላንድ ነው" ትል ነበር። ሮክቪልም ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ውሸት አይባልም 😂 እኔ ግን እሰማ ነበር። ሰርግ ላይ ሰው ሳይጠይቀኝ በፊት ወደ ሌላ ጠረጴዛ እሄድ ነበር።

ኤምቲኤፒ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሆነህ ለኮሌጅ ፓርክ የምትዘጋጅበት። በሁለት ዓመት ውስጥ ተዛወርኩ። ብድር የለብኝም። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ያው ነው። ይህን የምለው ልጅዎ እዚያ ትግባ ለማለት አይደለም፤ ውጤቷ ከእኔ ይበልጣል። አማራጩ እንዳለ ስታውቅ ትንፋሿ ይመለስላታል ብዬ ነው።

አባቷንም ሰላም ይበሉልኝ። ሜዲካል ስኩል በዋናነት የሚያየው ጂፒኤና ኤምካት (የራሱ መግቢያ ፈተና) ነው። ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ዬል መግባት አያስፈልግም።

የአሌክሳንድሪያው

ቨርጂኒያ ላላችሁ፦ ኖቫም (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እንዲሁ ነው። ከጆርጅ ሜሰን ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው። የሚፈለገውን ጂፒኤ ለያዘ ደግሞ ዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) እና ቨርጂኒያ ቴክ መግባት የሚያረጋግጥ ስምምነት አለ። ዩቪኤ በ12ኛ ክፍል የከለከላት የእህቴ ልጅ በኖቫ በኩል ገብታለች። ያው ዩቪኤ፣ ያው ክፍል፣ በግማሽ ዋጋ።

ኡበር_አባት

ስለ ብድር ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳ።

የመጀመሪያ ልጄ ከስቴት ውጭ የግል ኮሌጅ ገባ። ስሙን አልጠራም። ደስታ ስካር ነው፤ ድግስ ሁሉ ደግሰናል። ተማሪው በራሱ ስም በመጀመሪያው ዓመት መበደር የሚችለው 5,500 ዶላር ብቻ ነው። የቀረውን ፓረንት ፕላስ በሚባለው ብድር እኔ ወሰድኩ። ቢሮው ያቺን ወረቀት "የእርዳታ ደብዳቤ" ብሎ ነው የላከልኝ። ብድሩ እርዳታ ከሚለው ሥር ተዘርዝሮ፣ ተደምሮ፣ ከታች "የሚቀርባችሁ 0" ይላል። እኔ ዜሮውን አየሁ። ብድሩ በልጁ ስም አይደለም፣ በእኔ ስም ነው። ልጁ ተመርቆ ሥራ ይዟል፣ ተመስገን። እኔ 61 ዓመቴ ነው፤ ማታ ማታ ኤርፖርት ቆሜ እከፍላለሁ።

አሁን ሕጉ ተቀይሯል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው ከ65 ሺህ በላይ መውሰድ አይችልም። አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ ተናደደ። እኔ በዘመኔ ኖሮ ቢሆን ነው ያልኩት። የግል ባንክ ብድርን ግን ይህ ገደብ አይመለከተውም፤ ከእሱ ሽሹ።

ቡና_ቁርስ

ጋሼ ያ "የሚቀርባችሁ 0" እኛንም ሊበላን ነበር። ባለቤቴ ናት የያዘችኝ።

ሸገር_ነኝ

ከአዲስ አበባ ነው። ስታወሩ አነበብኩና ተገረምኩ። እናንተ "የት ገባች" ትላላችሁ፣ እኛ "አለፈች ወይ" ላይ ነን። በ2014 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍል ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ አለ፣ እልል ተባለ። የቀረው ወይ ሬሜዲያል ይጠብቃል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል። 500 ያመጣም ቢሆን ሕክምና ወይስ ሶፍትዌር የሚለው ሌላ ጦርነት ነው።

ጥያቄ አለኝ። የአጎቴ ልጅ በጣም ጎበዝ ናት፤ አሜሪካ ሙሉ ስኮላርሺፕ ትፈልጋለች። እዚህ ያለ ኤጀንሲ "አይ-20 እናስመጣለን" ብሎ ብር ጠይቋል። ይታመናል?

ካውንስለር_ፌርፋክስ

ሸገር፣ አይ-20ን (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት) የሚልከው የተቀበላት ኮሌጅ ራሱ ነው፤ ደላላ አያስመጣውም። ገንዘባችሁን ያዙ።

ለውጭ አገር ተማሪ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። አብዛኞቹ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ እርዳታ ከጠየቀ ያንን አይተው ነው የሚወስኑት። ብር ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ሁሉ የሚሸፍኑት ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦዶይን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። እነዚያ ደግሞ ከዓለም ጎበዞች ጋር የሚያጋጥሙ ናቸው። ትሞክር፤ ግን እዚያው ያለውን ምደባ ሳትተው። ኮሌጆቹን በቀጥታ በኢሜይል ትጠይቅ፤ የማመልከቻ ክፍያውንም አንሱልኝ ብትል ብዙዎቹ ያነሱላታል።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። የታክስ ወረቀቱን ይዘን ካልኩሌተሩን ሞላን። ቁጥር_ወዳድ ያልከው አንድ በአንድ ወጣ። ባለቤቴ የሃርቫርድንና የፕሪንስተንን ቁጥር ሲያይ "ተሳስተሽ ነው፣ እንደገና አስገቢ" አለኝ። እንደገና አስገባሁ፤ ያው ነው። ከዚያ በጣም የምትወደውን አንድ የግል ኮሌጅ አስገባች። 41 ሺህ አለን። ራሷ ሰረዘችው፤ እኔ አልተናገርኩም።

አሁን ዝርዝሩ 10 ሆኗል። ከአይቪ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ኤምአይቲ አልተነካም፤ እሱን አትንኩብኝ ብላለች። ኮሌጅ ፓርክ ለኖቬምበር 1 አንደኛ ሆኗል። ዩኤምቢሲ ገብቷል፤ ማየርሆፍን አባቷ ነው ያነበበላት። ሃዋርድም አለ። ሁለት ሴፍቲ መርጣለች፤ አንዱን ስትጽፍ ፊቷን አየሁት፣ ደህና ነው።

አማካሪውን አንፈልግም ብለነዋል። አሁን ደውሎ 2,500 አድርጌላችኋለሁ አለ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ፎርም) ላይ ሁለታችንም አካውንት መክፈት አለብን? ብዙ የግል ኮሌጆች ለእርዳታ የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚሉትስ ይከፈልበታል?

ባለ_ሦስት

ታክስ አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ አንዳችሁ ብቻ ይበቃል። አካውንቱን ግን አሁኑኑ ክፈቺው፤ ማንነትሽን እስኪያረጋግጡ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የቤተሰብ ገቢ እስከ 100 ሺህ ከሆነ በነፃ ነው። ከፋፍሳ የሚለየው ስለ ቤታችሁም ይጠይቃል። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም። በገዛ ቤት የምትኖሩ ከሆነ የግል ኮሌጆቹ ካልኩሌተር ላይ ቤቱን አስገብታችሁ እንደሆነ መልሳችሁ አረጋግጡ።

እናት_ሲልቨርስፕሪንግ

አላስገባንም! ዛሬ ማታ እንደገና እንቀመጣለን።

ካውንስለር_ፌርፋክስ

ስትቀመጡ የኮሌጅ ፓርኩ ፎርም ላይ ሁለተኛ ምርጫ ሜጀር የሚለውን ባዶ እንዳትተዉት። ኮምፒውተር ሳይንስ ባይሆንላት በእውነት የምትማረውን ነገር ትጻፍበት፤ አባቷ የሚፈልገውን ሳይሆን።

ጋሽ_አየለ_ነኝ

አባትዬውንም ተዉት እንጂ። ሐኪም ቢል ምን አጠፋ?